ከላሊበላ ኮምቦልቻ በአየር ስንት ደቂቃ ነው?

ኢንተርኔት ላይ የፈለጋችሁትን ሁለት አየር ማረፊያ ስም ጽፋችሁ ብትጠይቁ መልስ አታጡም። ርቀቱን በኪሎሜትር፣ በረራው የሚፈጀውን ጊዜ በደቂቃ ቁጭ ያደርግላችኋል። በሁለቱ መካከል አውሮፕላን ይብረር አይብረር ግን ጉዳዩ አይደለም። ሁለት ነጥብ ከሰጣችሁት መስመር ያሰምራል፣ መስመሩን ለፍጥነት ያካፍላል፣ አለቀ። "ከላሊበላ ኮምቦልቻ፣ 127 ኪሎሜትር፣ 40 ደቂቃ።"

ይህን ጉድ ያሳየኝ ጎብዬ ላይ ጂኦግራፊ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ነው። ልጅ አልኩ እንጂ አሁን የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ጅዳ የቤት ሾፌር ሆኖ ይሠራል። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፣ ስሙን ግን አልጠቅስም። ኅዳር ውስጥ ነው በውስጥ መስመር "ቲቸር፣ ከላሊበላ ኮምቦልቻ በአየር 40 ደቂቃ ነው የሚለው እውነት ነው ወይ?" ብሎ የጻፈልኝ።

ለምን እንደጠየቀ ቆይቶ ነገረኝ። እናቱ የላሊበላ ስለት አለባቸው። ስለቱ የተሳሉት ለእሱ ነው። እሱ በኦቦክ አድርጎ በጀልባ የመን የተሻገረ ጊዜ ወሬው ለወራት ጠፍቶ ነበር። "ልጄ በሕይወት ካለ ለገና ላሊበላ እሄዳለሁ" ብለው ተሳሉ። ልጁ ተገኘ፤ አንዴ ተይዞ ተመለሰ፤ ኋላ በሕጋዊ መንገድ በኮንትራት ወጣ። በዚህ መሐል ጦርነት መጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። የእናትየው ጉልበትም አብሮ ተዘጋ። ስለት ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ዕዳ ነው። ሰው ባይጠይቃችሁም ሌሊት ሌሊት ይጠይቃችኋል።

አሁን ልጁ ጥቂት ሳምንት ፈቃድ አግኝቷል። ያሰበው እንዲህ ነው፦ እናቱን ከጎብዬ በመኪና ኮምቦልቻ ያወርዳቸዋል፤ ከዚያ 40 ደቂቃ በአየር፤ ላሊበላ። ሳይደክሙ፣ ሳይንገላቱ። ወረቀት ላይ እንከን የለውም።

እኔም መምህር ነኝና መጀመሪያ ቁጥሩን ፈተሽኩት። ተማሪዎቼ ታስታውሱ ከሆነ ይህን ሒሳብ በጠመኔ ሠርተነዋል። የላሊበላ አየር ማረፊያ 11.97 ዲግሪ ሰሜን፣ 38.98 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። የኮምቦልቻው 11.08 ሰሜን፣ 39.71 ምሥራቅ። ወደ ደቡብ ያለው ልዩነት 0.89 ዲግሪ ነው፤ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 111 ኪሎሜትር ግድም ስለሆነ 99 ኪሎሜትር ይሆናል። ወደ ምሥራቅ ያለው 0.73 ነው፤ እኛ ባለንበት ኬክሮስ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ ትንሽ ጠበብ ብሎ 109 ኪሎሜትር ስለሚመጣ 80 ኪሎሜትር ይሆናል። የሁለቱን ካሬ ደምሩ፣ ከሥሩ አውጡ። 127። ልክ ነው። መሬት ክብ ናት ብላችሁ የምትከራከሩኝ ካላችሁ፣ ለዚህች አጭር ርቀት ክብነቷ ከአንድ ኪሎሜትር በላይ አያዛባም።

ሰዓቱስ? 40 ደቂቃ የምትለዋ ከየት እንደመጣች ለማወቅ ብዙ አያስቸግርም። እነዚህ ማስያዎች ብዙዎቹ አውሮፕላኑ በሰዓት 800 ኪሎሜትር እንደሚበር ይወስዱና ለመነሻና ለማረፊያ 30 ደቂቃ ይጨምራሉ። 127ን ለ800 ብታካፍሉ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ነው። ሠላሳ ጨምሩበት፣ አርባ። ታዲያ 800 የትልቁ ጄት ፍጥነት ነው። እኛ አገር ክልል ለክልል የሚመላለሰው ኪው 400 የሚባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር ነው፤ ሰባ ምናምን ሰው ይጭናል፤ ቢፈጥን ቢፈጥን በሰዓት 650 ኪሎሜትር አካባቢ ነው። ለ127 ኪሎሜትር ግን እዚያ ፍጥነት ላይ ብዙም ሳይቆይ መውረድ ይጀምራል። ከባሕር ዳር ጎንደር በቀጥታ መስመር 100 ኪሎሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ እዚያ ላይ የበረራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ውኃው ሳይታደል "ቀበቶ እሰሩ" ይባላል። በእኔ ግምት ከላሊበላ ኮምቦልቻ ቢበር ሠላሳ ደቂቃ አይሞላም ነበር። ማስያው እንዲያውም አብዝቷል።

እና ጻፍኩለት። "ቁጥሩ ልክ ነው፤ አውሮፕላኑ ግን የለም።"

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ "እንዴት የለም? ሁለቱም ጋ አየር ማረፊያ አለ አይደል?" አለኝ።

አለ። ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የላሊበላው ሹምሸሃ ሜዳ ላይ፣ ከከተማው ሃያ ምናምን ኪሎሜትር ወረድ ብሎ አለ። ከባሕር ወለል 1,958 ሜትር ከፍ ይላል። የኮምቦልቻውም አለ፤ 1,864 ሜትር። (በቲኬት ላይ መዳረሻው ደሴ ተብሎ ብታገኙት አይግረማችሁ፤ ደሴ ጦሳ ሥር ተሸጉጣ አውሮፕላን የሚንደረደርበት ሜዳ ከየት ታምጣ? የሚያርፈው 25 ኪሎሜትር ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ነው። ስሟን ለደሴ ሰጥታ ሥራውን ኮምቦልቻ ትሠራለች።) ሁለቱ ማረፊያዎች ግን ወንድማማች ሆነው አይተያዩም። ሁለቱም የሚያዩት አዲስ አበባን ነው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 250 ኪሎሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ከአዲስ አበባ ላሊበላ 330 ግድም። ድምሩ ወደ 585። 127 ኪሎሜትር ለመሄድ 585 ኪሎሜትር ትበራላችሁ ማለት ነው፤ አራት እጥፍ ተኩል። ያውም የቦሌው ጥበቃ ሳይቆጠር።

ይህን ስሰማ የምቆጣ ሰው ነበርኩ፤ ዕድሜ ይሁን ሒሳብ አበርዶኛል። ሰባ ምናምን ወንበር ያለው አውሮፕላን በሳምንት ሦስት ቀን ከላሊበላ ኮምቦልቻ ቢመላለስ ማን ይሞላዋል? የገናና የጥምቀት ሰሞን ይሞላል። የካቲት ላይስ? ሐምሌ ላይስ? የላስታ ገበሬ በግ ሊሸጥ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን አይሄድም። አውሮፕላን ነዳጅ የሚጠጣው ሲነሣና ሲወጣ ስለሆነ አጭር መንገድ ለአየር መንገድ ኪሳራ ነው፤ ይሄ የእኛ አገር ብቻ አይደለም፣ የዓለም ነው። ሁሉንም ወደ አንድ እምብርት ሰብስቦ ከዚያ መበተን ይረክሳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ያደገው በዚሁ ስልት ነው፤ አዲስ አበባን የአፍሪካ እምብርት አድርጎ።

ግን ደግሞ፣ አጭር መንገድ ጭራሽ አይቻልም የሚለኝ ሰው ቢመጣ አልቀበለውም። ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር ላሊበላ፣ ከላሊበላ አክሱም እንደ ቅጠል ዝላይ እየዘለለ የሚሄድ "ታሪካዊ መስመር" የሚባል በረራ ነበር እኮ። ከጎንደር ላሊበላ 180 ኪሎሜትር አይሞላም፤ እሱም ከእኛ መስመር ብዙ የሚበልጥ አይደለም። የሚለየው ምንድነው? እዚያ ላይ የሚሳፈረው ቱሪስት ነው። ካሜራ ያንጠለጠለ፣ በዶላር የከፈለ፣ በአምስት ቀን አራት ከተማ ማየት ያለበት። ምዕራቡ መስመር ለተመልካች ተሠራ። ምሥራቁ፣ የእኛው፣ ስለት ያለበት ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው። ባለ ስለት ደግሞ በእግሩ ይሄዳል ተብሎ ይታሰባል።

ትንንሽ አውሮፕላንም ነበረን። ትዊን ኦተር የምትባለው አሥራ ዘጠኝ ሰው የምትጭነው ከጠጠር ሜዳ ላይ ተነሥታ ጠጠር ሜዳ ላይ ታርፍ ነበር። ከዚያም በፊት፣ አየር መንገዱ በ1938 ሥራ ሲጀምር የያዛቸው ዲሲ 3 አውሮፕላኖች የበሬ ግጦሽ በሚመስል ሜዳ ላይ ሁሉ ያርፉ ነበር። ያኔ አስፋልቱ ሳይኖር አውሮፕላኑ ነበረ፤ አሁን አስፋልቱ ተነጥፎ አውሮፕላኑ ተመርጦ ይመጣል። እድገት ነው፣ አልክድም። ወደ አዲስ አበባ ነው እንጂ ወደ ጎረቤት አይደለም።

ሌላ አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ እናትየው እመለሳለሁ። ካርታ አውጡና ከኮምቦልቻ አየር ማረፊያ እስከ መቀሌው አሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ በማስመሪያ መስመር ስቡ። 264 ኪሎሜትር ይመጣል። መስመሩ የት ላይ ያልፍ መሰላችሁ? ቆቦ ሜዳ አናት ላይ። የጎብዬን፣ የሮቢትን፣ የቆቦን የማሽላ ማሳ እየረገጠ። በሁለት አየር ማረፊያ መሐል ትክክል ተቀምጠን አንዱንም አንጠቀምበትም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለው የ392 ኪሎሜትር ባቡርም በ2007 ሥራው ተጀምሮ ሲነጠፍ አይተናል። እሱን ዛሬ አላነሣውም፤ ባነሣው ይህ ጽሑፍ አያልቅም።

እናትየውን ላነጋግር ቤታቸው ሄድኩ። ልጁ "እኔ በስልክ ስነግራቸው አይገባቸውም፤ አንተ አስረዳልኝ" ብሎኝ ነው። ደጃቸው ላይ ማሽላ እያበጠሩ አገኘኋቸው። ስለ 127ቱ፣ ስለ አዲስ አበባው ዙሪያ ጥምጥም በተቻለኝ አስረዳኋቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና ወንፊቱን አስቀምጠው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ተራራው በአገጫቸው አሳዩኝ።

"መምህር፣ ላሊበላ እኮ እዚች ጀርባ ነው" አሉኝ።

ልክ ናቸው። ከጎብዬ ላሊበላ አየር ማረፊያ በቀጥታ መስመር 70 ኪሎሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከዚህ ወልድያ ደርሶ እንደ መመለስ ነው፣ ቀጥታ መስመሩን ለሚሄድ። የሚሄደው ግን አሞራ ብቻ ነው። በመሐል የላስታ ደጋ አለ፤ አቡነ ዮሴፍ ብቻውን ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። እኛ ያለነው ቆላ ነው። ሽቅብ ሦስት ሺህ ሜትር ገደማ ወጥቶ ቁልቁል ሁለት ሺህ ሜትር መውረድ ማለት ነው። እሳቸው በልጅነታቸው ከእናታቸው ጋር በእግር ሄደዋል። "ሦስት ቀን ነው" አሉኝ። "አንድ ቀን ለዳገቱ፣ አንድ ቀን ለብርዱ፣ አንድ ቀን ለመድረሱ።" የቆላ ሰው ደጋ ላይ ሲያድር ምን እንደሚሆን ስቀው አወሩልኝ። ጋቢ የሌላት አንዲት ሴት በአህያ ጭነት ጆንያ ተጠቅልላ ያደረችውን፣ ጠዋት ጆንያው አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ የተነሣችውን።

ተራራው ሰውን አልለየም፣ መንገድን እንጂ። ነሐሴ 16 ሲደርስ በእኛ በራያ ቆቦ ሴት ልጆች ሶለል ይላሉ፤ በላስታ ላሊበላ አሸንድዬ ይባላል፤ በዋግ ሻደይ። አንድ ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው፣ በአንድ ሰሞን፣ አንድ ዓይነት ይጨፍራሉ። ሦስት ስም፣ አንድ ቄጤማ። በጥንት ጊዜ እነዚህ ሰዎች ከዛሬ በላይ ይገናኙ ነበር ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ ወደ አውሮፕላኑ ተመለስን። እናትየው አውሮፕላን ላይ መውጣቱን ፈርተውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። "አውሮፕላን ለምን እፈራለሁ? ከላዬ እስካልሆነ" አሉኝ።

ይህን ቃል የራያ ሰው ካልሆነ የሚገባው አይመስለኝም። ለእኛ አውሮፕላን መጀመሪያ የመጣው ሰው ጭኖ አይደለም። አያቴ በ1928 ከማይጨው ሲመለሱ አሸንጌ ዳር ከሰማይ የወረደባቸውን መርዝ እስኪሞቱ አልረሱትም፤ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። በ1977 ድርቅ ደግሞ ኮረምና አላማጣ የረሃብ መጠለያ በነበሩ ጊዜ፣ ደጋው ላይ ሄርኩለስ የሚባሉ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል ይጥሉ ነበር። መርዝ የወረደበት ሰማይ በአንድ ሰው ዕድሜ ስንዴ አወረደ። ከ2013 ወዲህ ስላለው ድምፅ አልጽፍም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሁንም ሰማይ ላይ የሆነ ነገር ሲያጉረመርም የጎብዬ ገበያ ለአንድ አፍታ ዝም ይላል፣ ከዚያ ሰዉ እርስ በርስ ይተያያል፣ ከዚያ ደግሞ ሽንኩርት መመዘኑ ይቀጥላል።

ጉዞው ተወሰነ። በአውሮፕላን፣ በአዲስ አበባ በኩል። የመንገዱ ወሬ በዚያ ሰሞን ጥሩ አልነበረም፤ የጋሸናውን መንገድ አንዱ ሰላም ነው ይላል፣ ሌላው ትናንት መኪና ቆሞ ነበር ይላል። ልጁም እናቴን በመላ ምት አልሰድም አለ። ልክ ነው።

ልጁ መጣ። እናቱን ይዞ በመኪና ወልድያን፣ መርሳን፣ ውርጌሳን፣ ውጫሌን፣ ሐይቅን አልፎ ደሴ ዘመድ ቤት አደሩ። በማግስቱ ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በረሩ። አዲስ አበባ የእህቱ ልጅ ቤት አደሩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወደ ላሊበላ። እናትየው በእግር ሦስት ቀን ነው ያሉት ላሊበላ በአውሮፕላንም ሦስት ቀን ሆነ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ስልኩ ላይ እስኪያለቅስ ሳቀ።

ግን አንድ ነገር ሆነ። ከአዲስ አበባ ላሊበላ ሲበሩ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ የታኅሣሥ ሰማይ። እናትየው መስኮት ጋ ተቀምጠው ቁልቁል ሲያዩ ቆዩ። ገደሉን፣ አምባውን፣ አምባው ጫፍ ላይ እንደ እንጉዳይ የበቀሉትን ጎጆዎች፣ ከአምባ አምባ የሚወርደውን ቀጭን የእግር መንገድ። "ይህን ሁሉ ነው እንዴ በእግሬ የወጣሁት?" አሉ አሉ። ከዚያ ቆይተው "እናቴ ይህንን ሳታይ ሞተች" አሉ። ምኑን እንደሆነ አልተናገሩም።

ላሊበላን ተሳለሙ። ስለታቸውን አደረሱ። የገናውን ሌሊት ቤተ ማርያም ካሉት ሰዎች መሐል ቆመው አደሩ፤ ልጁ "ጉልበቷ የት እንደሄደ አላውቅም፣ እኔ ተቀምጬ እሷ ቆማ አደረች" ይላል።

ለመመለስ ሲሆን እናትየው እምቢ አሉ። "ደግሞ አዲስ አበባ ልትወስደኝ ነው?" አሉት። ቲኬቱ ተቆርጧል፣ ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ቢባሉ ወይ ፍንክች። ከወልድያ የመጡ ምዕመናን የጫነ አውቶቡስ አግኝተው ቦታ ለመኑ። መንገዱ በዚያ ቀን ሰላም ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከላሊበላ ተነሡ፤ በጋሸና አድርገው፣ ድልብን ቁልቁል ወርደው፣ ሳንቃን አልፈው ወልድያ፤ ከዚያ ሚኒባስ። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጎብዬ ደጃቸው ላይ ነበሩ። መሄጃው ሦስት ቀን፣ መመለሻው ዘጠኝ ሰዓት። ይህን ሒሳብ የሚሠራ ማስያ ካገኛችሁ ላኩልኝ። ዛሬ ሰላም ነው ወይ የሚል ሳጥን ያለው።

መንገዱ በመኪና ከሄዳችሁ ከኮምቦልቻ ላሊበላ 300 ኪሎሜትር ግድም ነው፤ 25 እስከ ደሴ፣ 120 እስከ ወልድያ፣ ከዚያ ሽቅብ ጋሸና፣ ከጋሸና 64። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለሆነ ነው የጻፍኩት። የምትሄዱ ካላችሁ ከወልድያ መናኸሪያ ሾፌሮችን ሳትጠይቁ አትነሡ፤ ከእኔም ከኢንተርኔትም የተሻለ እነሱ ያውቃሉ።

ልጁ ጅዳ ከመመለሱ በፊት አንድ ቀን ቤቴ መጥቶ ቡና ጠጣን። ስልኩ ላይ ካርታ ከፍተን እንደ ድሮው ተጫወትን። "ቲቸር፣ ጅዳና አዲስ አበባ ስንት ነው?" አለኝ። ሠራነው፤ 1,400 ኪሎሜትር ግድም። ሁለት ሰዓት። እሱ ያኔ በእግር፣ በአይሱዙ፣ በጀልባ፣ ደግሞ በእግር ስንት ወር እንደፈጀበት ሁለታችንም እናውቃለን፤ አላነሣነውም። ከኔ ክፍል ወጥተው በዚያ መንገድ የሄዱትን ልጆች ስም ብጠራ የዚህ ገጽ ግማሹ ይሞላል። አንዳንዶቹ አልደረሱም። ኦቦክ ላይ የቀሩ አሉ፣ የመን ላይ የቀሩ አሉ።

ካርታው ላይ ከጅዳ አዲስ አበባ ቀጥ ያለ መስመር ሳብን። ጅዳ 39.16 ኬንትሮስ ላይ ነው፣ አዲስ አበባ 38.80፤ ማለትም መስመሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ነው ማለት ይቻላል። ላስታ ላይ ሲደርስ ከላሊበላ አየር ማረፊያ ወደ ምዕራብ አሥር ኪሎሜትር ያህል ፈቀቅ ብሎ ያልፋል። ልጁ ጣቱን እዚያ ላይ አድርጎ ዝም አለ። አውሮፕላኑ ይህን መስመር ከያዘ፣ ከጅዳ በመጣ ቁጥር ከእናቱ ቤት 80 ምናምን ኪሎሜትር ርቀት ላይ ያልፋል። 11 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ሰው ከ350 ኪሎሜትር በላይ ድረስ ማየት ይችላል፤ ደመና ከሌለ የቆቦ ሜዳ ከነዞብል ተራራው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከዚያ ግን አልፎ 330 ኪሎሜትር ወደ ደቡብ ይበርና ቦሌ ያርፋል። ከቦሌ ደግሞ ከ500 ኪሎሜትር በላይ በመኪና ወደ ሰሜን ይመለሳል።

"በየትኛው በኩል ነው የምቀመጠው?" አለኝ።

ስትመጣ በግራ፣ ስትሄድ በቀኝ፣ አልኩት።

የቀኝ መስኮት ጠይቆ አገኘ። በረራው ግን የሌሊት ነበር። ጅዳ እንደገባ ጻፈልኝ፤ ላሊበላን አልፈዋል ብሎ በገመተበት ሰዓት ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ቢያይ ቢያይ ምንም መብራት እንዳላየ፤ "ቆቦና ጎብዬ ላይ ያን ሌሊት መብራት ነበረ ወይ?" አለኝ።

አልነበረም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ጠፍቶ ነው ያደረው።